የማክሰኞ ውሃ

«ችግኙ የት አለ?» አለ ክንዱ፣ አካፋውን በትከሻው እንደያዘ የጓሮውን በር ገፍቶ ሲገባ።

እስከዳር ታናሽ ወንድሟ ሊያግዛቸው የመጣ መሰላት። «የምን ችግኝ? ይልቅ ና እይልኝ፤ ገንዳው ለዋና አይጠብም?»

ክንዱ አልፏት ሄደ። ሰማያዊ ሴራሚክ የለበሰው ገንዳ አፋፍ ላይ ቆሞ፣ ከመስኖው ቦይ ተጠልፎ በአጥሩ ሥር የሚገባውን ውሃ አየ። እስከ ወገብ ሞልቷል።

«እታለም፣ ዛሬ ማክሰኞ ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ተራው የኔ ነው። ባልሽ የበርበሬ ችግኜ ሊደርቅብኝ ነው ብሎ የመስኖውን ተራ የሚያድሉትን የውሃ አባት አያ ታከለን ለመናቸው። እኔም ለእህቴ ቤት ከሆነ ብዬ ለቀቅሁ። ይኸው ሁለተኛው ማክሰኞ። ሽንኩርቴ ጠውልጎ ተኝቷል።»

እስከዳር ይህን አልሰማችም ነበር። ባሏ ፀጋው ገንዳው ይበጀናል ወይ ብሎ በጠየቃት ቁጥር «አንተ ካልህ» እያለች ነው እዚህ የደረሰችው።

ፀጋው ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ ከቤት ወጣ። «አማቼ፣ ዋና ልትማር መጣህ?»

«ውሃውን መልስ» አለው ክንዱ፣ እስከ ዛሬ አንቱ ሲለው የኖረውን ሰው።

«ቡሬ ላይ መዋኛ ያለው የእንግዳ ማረፊያ የኔ ብቻ ይሆናል። ገንዳው ሰው ይጠራል። ያንተ ሽንኩርት ማንን ጠርቶ ያውቃል?»

«አንተን። ሠርግህ የተደገሰው በሱ ነው።»

ፀጋው ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ አካፋው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ሲወድቅ የክንዱን ኮት ጨምድዶ ነበርና ሁለቱም ውሃው ውስጥ ገቡ። በዚያ ጓሮ ዋና የሚችል አንድም ሰው አልነበረም። ክንዱ ቀድሞ ተነሣ፤ ተነሥቶም የፀጋውን አንገት በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ተጫነ። የፀጋው እግሮች ሰማያዊውን ወለል ደበደቡ። ደሙ እየተበተነ ወደ ላይ ወጣ።

«ልቀቀው» አለች እስከዳር። ድምፅዋ ድሮም ዝቅተኛ ነው፤ አልተሰማም።

ግንበኞቹ የተዉትን ዶማ አነሣች። በዛቢያው የወንድሟን ትከሻ መታች። ደገመች። አጥንቱ ሲሰበር እጇ ላይ ተሰማት፤ ክንዱም ለቀቀ።

ፀጋው የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ደም የተቀላቀለ ውሃ አስመለሰ። ጆሮው ለሁለት ተሰንጥቋል። ቀና ብሎ ግድግዳውን ዙሪያ አየ።

«ሴራሚኩ ተነካ?»

እስከዳር ትንሽ ቆማ አየችው። ከዚያ በታችኛው በኩል ዞረች። መሬቱ ቁልቁል ስለሆነ የገንዳው ግንብ እዚያ እስከ ደረቷ ይደርሳል፤ ሲሚንቶው ገና አልጠናም፤ ከበስተጀርባዋ የክንዱ ማሳ ነው።

«እስኩ፣ ምን ልታደርጊ ነው?» አለ ፀጋው።

ዶማውን በስለቱ አዞረችው። በአምስተኛው ምት ብሎኬቱ ተበሳ። ውሃው ቀሚሷን አርሶ ቁልቁል ወረደ፤ ቀላ ያለ ነበር። እስከ ቀትር ድረስ የክንዱን ሽንኩርት አጠጣ።