ድምፅ የሌለው ማራገቢያ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለ ባለሱቁ፣ ትልቁን ፕሮሰሰር ከልጅቷ እጅ ቀስ አድርጎ እየተቀበለ። «እህቴ፣ ይሄን ከወሰድሽ ራም መግዣ አይተርፍሽም። ያለ ራም ደግሞ ኮምፒውተርሽ ባዶ ቆርቆሮ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች። ቪዲዮ እያየች ስታጠና ከርማ የመጣችው ከኪሷ የሚበልጥ ምኞት ይዛ ነበር፤ መካከለኛውን መረጠች። ማዘርቦርዱ፣ ራሙ፣ ዲስኩና ጎኑ የተጫረው ኬዝ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ያገለገሉ ናቸው፤ ቢሆንም ዓይኗ እያየ ተሞክረው ሠርተዋል። የቀረው ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ነው፤ መብራቱን ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያከፋፍለው፣ ሆዱ ውስጥ ማራገቢያ ያለው ሳጥን።

እናቷ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ልጅቷ ብቻዋን ቤት ትታት መውጣት ካቆመች ቆይቷል። ኮምፒውተሩም የሚገጣጠመው ለዚሁ ነው፤ ልጅቷ የምትሠራበት ማተሚያ ቤት የራሷ ማሽን ካላት ቤቷ ሆና እንድትሠራ ፈቅዶላታል።

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ እናቷ አትተኛም። አትተኛም ሲባል ስትገላበጥ ታድራለች ማለት አይደለም፤ ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው። ልጇ ሳንባውን ታሞ በተኛበት ጊዜ ሁሉ አልጋው አጠገብ ሆና ትንፋሹን ስታዳምጥ ከረመች። አንድ ሌሊት ሸለብ አደረጋት። ስትነቃ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱም ምክሩም ልመናውም አልሠራም። ሰሞኑን ድስት ጥዳ ትረሳለች፣ መንገድ መሃል ቆማ ትቀራለች። ሐኪሙ «በዚህ ዓይነት ልቧ አይችልም» ብሎ ለልጅቷ ለብቻዋ ነግሯታል።

ባለሱቁን ጎረቤቶቹ «ጆሮ» ይሉታል። ማራገቢያ የሚመርጠው ዓይኑን ጨፍኖ ነው። አንዱን ሳጥን ሰካና ከፊቱ አራቀው። «ይሄ ያጉረመርማል፤ ዕድሜ የለውም።» ሌላውን ሰካ። «ይሄማ እንደ አማቴ ነው፣ ሲጀምር ደህና ነው።» ከሥር ግራጫ ሳጥን አወጣ፤ ለብቻው እንዲነሳ አረንጓዴውንና ጥቁሩን ሽቦ በቆልማማ ብረት አገናኝቶ መብራቱን ለቀቀበት። «ይሄውልሽ። በዚህ ዋጋ እንዲህ ድምፅ የሌለው አታገኚም።»

ማራገቢያው ዞረ። ልጅቷ ግን ሰማችው። ወደ ውስጥ ይስባል። ያቆማል። ከዚያ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ መጨረሻው ላይ ቀጭን ሲርታ አለበት።

ያንን ሲርታ ወንድሟ ታሞ ሳለ ከግድግዳው ወዲህ ማዶ ተኝታ ስንት ሌሊት ሰምታዋለች።

«ይሄ… ሲር ይላል» አለች።

ባለሱቁ ጆሮውን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። «የቱ ጋ? እኔ እኮ በዚህ ጆሮ ነው ልጆች የማሳድገው። ጭጭ ያለ ነው።»

«ሌላ አሳየኝ።»

«ሌላው ከኪስሽ በላይ ነው። ደሞ ይሄ ምን አጠፋ?»

ልጅቷ ዘወር ስትል እናቷ አጠገቧ ቆማለች። ከበርጩማው ስትነሳ አላየቻትም። አንገቷን ወደ ሳጥኑ ዘመም አድርጋለች፤ ዱሮ የልጇ አልጋ ላይ ጎንበስ ብላ ታዳምጥ እንደነበረው።

«ዛሬ ቀለል ብሎታል» አለች እናቷ።

ባለሱቁ ፈገግ አለ። «አዎ እማማ፣ እሱስ ጤነኛ ነው።»

«እማዬ፣ እንሂድ» አለች ልጅቷ። ሁሉንም ዕቃ እዚያው ትታ እናቷን በእጇ ይዛ ወደ ፀሐዩ መሮጥ ነበር ያማራት።

እናቷ አልሰማቻትም። በርጩማውን ጎትታ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች፤ መዳፏን ግራጫው ሳጥን ላይ አሳረፈች፤ ራሷን ከጎኗ ባለው መደርደሪያ ላይ ደገፍ አደረገች። ትከሻዋ ወረደ። ግንባሯ ላይ ያለው እጥፋት አንድ በአንድ ተፈታ። ወዲያው አፏ በትንሹ ተከፈተ። እንቅልፍ እንዲህ ሊቀልላት እንደሚችል ልጅቷ ረስታው ነበር፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ባለሱቁ ደግ ሰው ነው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደክሟቸዋል። ሳልቀሰቅሳቸው ላጥፋው» ብሎ ወደ ሥር ጎንበስ አለ፤ ገመዱን ከሶኬቱ ነቅሎ ክንዱ ላይ ይጠቀልለው ጀመር።

የማራገቢያው ክንፎች ዘገሙ። ቆሙ። ልጅቷ አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ አቧራቸው ሳይቀር ይታያል።

ትንፋሹ ግን አሁንም ይስባል። ያቆማል። በቀጭኑ ሲር እያለ ይወጣል።

ባለሱቁ በአፍንጫው አንድ ዜማ እያንጎራጎረ ካርቶን ፈለገ። «እንግዲህ ምን ወሰንሽ? ልጠቅልለው ወይስ ይቅር?»

ልጅቷ እናቷን አየቻት። ደረቷ ከዚያ ትንፋሽ ጋር እኩል ከፍ ዝቅ ይላል።

«እወስደዋለሁ» አለች በሹክሹክታ። «ግን አሁን አትንካው። ትንሽ ትተኛ።»

ባለሱቁ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ጓዳው ገባ።

ትንፋሹ ሳበ። አቆመ። ይህኛው ማቆም ከቅድሞቹ ሁሉ ረዘመ። እናቷ ተኝታለች፤ አሁን የማዳመጡ ተረኛ እሷ ናት። ልጅቷ የራሷን ትንፋሽ ይዛ፣ ዓይኗን ሳትከድን ቆመች።