የሰሞነኛው ክኒን

«ይኼ ክኒን አልተስማማኝም፤ ይቅርብኝ» ይላሉ ቄስ እንግዳው፣ እሽጉን ወደ ሐኪሟ ጠረጴዛ ገፋ እያደረጉ። «ጭራሽ ባሰብኝ። ያዞረኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ያውም መቅደስ ስገባ። እግዚአብሔርም ያልወደደው ይመስለኛል።»

ሚስታቸው ንግሥቴ ከጎናቸው ተቀምጣ ታዳምጣለች። ከቋሪት ፍኖተ ሰላም ድረስ ስትመጣ ሐኪሟ ሳትጠይቃት አፏን ላትከፍት ለራሷ ቃል ገብታለች። ለእሷ ይኼ ቀላል ቃል አይደለም።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ቄሱ ልባቸው እየደለቀ፣ ላብ በላብ ሆነው ከእንቅልፋቸው ይነሣሉ። ፍርሃታቸው አንድ ነው፤ ቅዱስ ሥጋውን ሲያቀብሉ ከእጃቸው ፍርፋሪ እንዳትወድቅ። አሁን ክኒኑን ብቻ ሳይሆን መቅደስ መግባቱንም ሊተዉ ቆርጠዋል። ከመቅደስ ከቀሩ ምን እንደሚሆኑ ንግሥቴ ማሰብ አትፈልግም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሌላ ቤት የላቸውም።

ሐኪሟ ፋና ወጣት ናት። «በየቀኑ ይውጡታል፣ አባ?»

«እውጣለሁ።»

የንግሥቴ ቃል እዚህ ላይ ፈረሰ። «ሰሞነኛ ሲሆኑስ?»

ቄሱ ዘወር ብለው ያዩዋታል። «ተራዬ ደርሶ ስቀድስማ እንዴት ብዬ? የሚያቆርብ ቄስ ጠዋት ውኃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ሳምንቴ ሲገባ አቆመዋለሁ፣ ሲወጣ እጀምረዋለሁ።» ይህን የሚሉት ለጥንቃቄው ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

ፋና አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። ንግሥቴ በዚህ ወደደቻት።

«አባ፣ ይኼ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ያዞራል፣ ያንቀጠቅጣል። የባሰብዎት ስለ ዋጡት አይደለም። ልክ መቅደስ በሚገቡበት ሳምንት ስላቋረጡት ነው።»

«እግዜርን በከንቱ አማሁታ» ይላሉ ቄስ እንግዳው፣ ቀስ ብለው።

ፋና ሌላም መንገድ እንዳለ ትነግራቸዋለች። ክኒኑ ቀርቶ በየሳምንቱ እየመጡ በመነጋገር ብቻ መታከም ይቻላል፤ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው፣ መንገዱም ሩቅ ነው። እሷ ብትጠየቅ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢሄዱ ትመርጣለች። «ውሳኔው ግን የእርስዎ ነው።»

«ጠበሌስ?»

«ይጠጡ። ተዉ ያለዎት አለ?»

«ጠበሉን ተው ያለኝ የለም። ክኒኑን ተው ያለኝ ግን ብዙ ነው።»

«እርስዎ የንስሐ ልጆችዎን ምን ይሏቸዋል?»

«ሁለቱንም ያዙ እላለሁ» አሉና ፈገግ አሉ። «ለሰው ሲሆን አፌ አይሰንፍም።»

ፋና ወንበሯን ጠጋ ታደርጋለች። «እንግዲያው ለክኒኑ ሰዓት እንፈልግ። ጾምም ይሁን ፍስክ፣ ሰሞነኛም ይሁኑ አይሁኑ፣ ሁልጊዜ እህል የሚቀምሱበት ሰዓት አለ?»

ባልና ሚስት ተያዩ። በጾም ቅዳሴ የሚወጣው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ለእሑድ ቅዳሴም ቢሆን ቅዳሜ የመጨረሻ ምግባቸውን የሚበሉት ያኔ ነው። «ዘጠኝ ሰዓት» ይላሉ ቄሱ። «ከስቅለት በቀር።»

«ለስቅለት ቀደም ብለው ይመጡና እንመካከራለን።»

ንግሥቴ ተነፈሰች። ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም። መድኃኒቱ እንደ አዲስ እስኪይዝ ሳምንታት ይፈልጋል፤ እስከዚያ እጃቸው ላይረጋ ይችላል። የቄሱ ሳምንት ደግሞ የሚገባው በፊታችን እሑድ ነው።

«ጉልበቴን አመመኝ ብለው ለቄስ ገብረ ሕይወት ይደውሉ» ትላለች ንግሥቴ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በእርስዎ ተራ እሳቸው ይገቡልዎታል።» በአገራቸው ሰው ሆዴን፣ ራሴን ይላል፤ ጭንቀት ይዞኝ ክኒን እውጣለሁ የሚል የለም። ቄስ ሲሆንማ ጋኔን አደረበት ለማለት ማን ይሰንፋል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልሁ ስንቱን አናዝዣለሁ፤ አንቺ ደግሞ ጉልበቴን በል ትዪኛለሽ።» ስልካቸውን ከካባቸው ኪስ ያወጣሉ።

«እዚሁ?»

«ቤት ከደረስሁማ ጉልበቴን ያመኛል።»

ቄስ ገብረ ሕይወት አነሡ። ቄስ እንግዳው ስለ ጤና፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ አልጠየቁም፤ ይህ ራሱ ለጎጃም ሰው አስደንጋጭ ነው። «የጭንቀት ሕመም አለብኝ፤ መድኃኒት ይዣለሁ» ይላሉ። «እጄ እስኪረጋ ዋናውን ቅዳሴ እርስዎ ይቀድሱ፤ ያቁርቡም። እኔ ረዳት ሆኜ ንፍቅ እቆማለሁ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ ካለ ይኼንኑ ይንገሩልኝ።»

ንግሥቴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«እሺ፣ እኔ እገባለሁ» ይላል በመጨረሻ የሽማግሌው ድምፅ። «እርስዎ ግን ከጎኔ እንዳይጠፉ።»

ቄስ እንግዳው ስልኩን ዘግተው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ንግሥቴ ባሏን በዜማቸው አድንቃለች፣ በትዕግሥታቸው አድንቃለች፤ ድምፃቸው ደብሩን ሲሞላው ሰው እንዳያያት ፊቷን ሸፍና የኮራችበት ጊዜ ብዙ ነው። እንደ ዛሬ ግን ኮርታባቸው አታውቅም። ብድግ ብላ ፊታቸው ጎንበስ አለች።

«መስቀልዎን።»

«ጠዋት ተሳልመሽ የለም እንዴ?»

«አሁንም አማረኝ።»

ቄሱ ከጉያቸው መስቀሉን ያወጣሉ። ግንባሯ ላይ ሲያርፍ ይንቀጠቀጣል። ንግሥቴ እንዳጎነበሰች ቆየች፤ ቀና ለማለት አልቸኮለችም።