ባለ ፓውዛዋ መኪና

ታላቁ ልጅ በካቻቢቴ ጫፍ የአሻንጉሊቷን መኪና ክዳን ፈልቅቆ አነሳ። ሆዷ ውስጥ አየና ከንፈሩን ጣለ። "ይቺን ነው ሞተር የሚሏት? ዝንብ ናት እንጂ።"

"ዝንብም ብትሆን የኔ ናት" አለ አባት አልጋው ላይ ትራስ እንደተደገፈ። "ሳታበላሽ መልስልኝ።"

"ላሻሽላት እንጂ ላበላሻት ነው እንዴ አባዬ? ፓውዛ እሰካላታለሁ፤ ፍሬቻም፣ የኋላ መብራትም። የባትሪ ድንጋዮቿንም በጠንካራ እቀይራለሁ። ከዚያ ማን እንደሚደርስባት እናያለን!"

የመጨረሻውን የተናገረው ወንድሙን በጎን እያየ ነው። ታናሹ ልጅ ሠላሳ ዓመት አልፎት፣ ጢሙን አንዠርግጎ፣ ዛሬም ቤት ውስጥ "ማሙሽ" ነው የሚባለው። የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው። ሲመቸው ይመጣል፣ ሳይመቸው ይደውላል። ዓርብ ዕለት ሲመጣ ይቺን በሪሞት የምትሄድ መኪና ይዞ መጣ።

አባት ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ስትሮክ ቀኝ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ግን ጣሪያ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረውም። አሁን በግራ እጁ ሪሞቱን ይዞ ከአልጋው እስከ በሩ ሲነዳ ይውላል። በአፉ ጡሩምባ ይነፋል፣ ለቁም ሳጥኑ "መንገድ ልቀቅ!" ይላል፣ ይስቃል። የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው ታላቁ ልጅ ነው፤ ያን ሳቅ ግን አንድም ቀን አላገኘውም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚለው ተረት ለእሱ የተተረተ መሰለው። ቀና። በገዛ ወንድሙ፣ ያውም በአሻንጉሊት፣ አንጀቱ እስኪያር ቀና።

ምን ቸገረኝ ብሎ ዝም እንዳይል ደግሞ ሥራው ራሱ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። በመብራት ማን ይበልጠኛል አለና ከጋራዥ የብየዳ ካውያውንና ጥቃቅን አምፖሎቹን ይዞ መጣ። በባትሪ ከሚሠራ መሰርሰሪያ የወጡ ሁለት ወፋፍራም ድንጋዮችም አመጣ።

ካውያው ጋለ። እያንዳንዱን አምፖል ወደ ማብሪያው በአንድ ሽቦ ወሰደ። የየአምፖሉን ሁለተኛ ጫፍ የመኪናዋ ቦዲ ላይ በብሎን ጠፈረና አጠበቀ። እጁ ማሰብ አላስፈለገውም፤ ስንት አውቶቡስ ያበራ እጅ ነው። ድንጋዮቹን አስገብቶ ክዳኑን ገጠመ።

"አባዬ፣ ዓይንህን ጨፍን። አሁን ግለጥ!"

ማብሪያውን ተጫነ። ጨለማ። ደግሞ ተጫነ፣ መታ መታ አደረጋት። አሁንም ጨለማ።

ታናሹ ጎንበስ ብሎ አየ። ከንፈሩን ነከሰ። "ጋሼ፣ ኔጌቲቩን ቦዲው ላይ ነው እንዴ ያሰርከው?"

"ታዲያ የት ይታሰራል? መኪና አይደለች?"

"ፕላስቲክ ናት እኮ።"

ታላቁ በሚያውቃቸው መኪኖች ላይ ብረቱ ራሱ ሽቦ ነው፤ መመለሻውን ቦዲው ላይ ካሰሩ በቃ፣ ይበራል። ፕላስቲክ ላይ ኤሌክትሪክ እንደማይሄድ ሳያውቅ ቀርቶም አይደለም። እጁ ቀደመው።

አባት ሳቁን ለቀቀው። "ማሙሽ፣ ሰማኸው? እውነተኛ መኪና አደረጋት እኮ!" እንባው እስኪወርድ፣ እስኪያስለው ሳቀ። ታላቁ ከዓርብ ጀምሮ የተመኘውን ሳቅ ይኸው አገኘው። ግን እንዲህ አልነበረም የተመኘው። ፎጣውን አንስቶ የአባቱን ዓይን ጠረገለት።

"አምጣ፣ ሽቦውን ልያዝልህ" አለ ታናሹ።

"አትንካ!"

ላቡ ጠብ እያለ ሁሉንም ፈታ። ለየአምፖሉ መመለሻ ሽቦ ዘረጋ፣ እንደገና በየደ። በመጨረሻ ሁለት ፓውዛዎች ቦግ አሉ፣ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም አለ። አባት አፉን ከፍቶ ቀረ። ታላቁ አንዲት ቃል ጠበቀ።

"ማሙሽዬ" አለ አባት፣ "ያመጣህልኝን መኪና አየሃት?"

ታላቁ ሪሞቱን በአባቱ ግራ እጅ ውስጥ አኖረና ራቅ ብሎ ቆመ። ኃይሏ እንደጨመረ፣ ቀስ ብሎ መንካት እንደሚያስፈልግ መናገር ነበረበት። ንዴቱ አስረሳው።

አባት እንደ ልማዱ ነዳጅ ሰጠ። መኪናዋ ተወነጨፈች። ብርሃኗ ግድግዳውን ጠርጎ ወደ ቁም ሳጥኑ ቀጥ ብላ ሄደች። "ያዛት! ያዛት!" አለ አባት፤ ታናሹ ዘሎ ተከተላት።

ታላቁ መኪናዋን አላየም። ከቅናቱ የተነሳ ዓይኑ አባቱ ላይ ነበር፤ ለዚህኛው ደስታ እንኳ ወደ ማን እንደሚዞር ሊያይ። ያን ጊዜ ብርድ ልብሱ ተነቃነቀ። የአባቱ ቀኝ እግር ነው። እሱ በየማለዳው በቅባት የሚያሸው፣ አንድም ቀን መልስ ያልሰጠው እግር፣ ጣቶቹን ወደፊት ገፍቶ ፍሬን ረገጠ።

መኪናዋ ከቁም ሳጥኑ ጋር ተላተመች።

"አልተሰበረችም!" አለ ታናሹ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ።

"ፍሬን የላትም እንዴ ይቺ?" አለ አባት እየሳቀ። እግሩ ያደረገውን እሱም አላወቀም።

ታላቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ እጁን ከብርድ ልብሱ ስር አስገብቶ የአባቱን ቀኝ እግር ጨበጠ። እግሩ ሞቅ ይላል።

"ምን ሆንክ ጋሼ?" አለ ታናሹ፣ ከመኪናዋ ላይ አቧራ እፍ እያለ።

"ምንም" አለ ታላቁ፣ እጁን ግን ከዚያ አላወጣም።