በሁለተኛ ማርሽ

የነርሷ መኪና ባትሪዋ ደካማ ስለነበር ትራፊክ መሃል ድርግም ብላ ትጠፋ ነበር። ያኔ ባሏ ወርዶ ይገፋል፤ ፍጥነት ስታገኝ የመኪናዋን ቂጥ ሁለቴ ኳ ኳ ያደርግና «ልቀቂያት፣ እመቤት!» ይላል። ነርሷ ፍሪሲዮኑን ስትለቅ ሞተሩ ይነሳል።

ባሏ ከሞተ በኋላ መካኒኩ አዲስ ባትሪ ገጠመላት። «ከእንግዲህ ገፊ አያስፈልግሽም፣ እታለም!» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን ሳትስቅ ከፍላው ሄደች።

ዛሬ ዳገቱ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ሞተሩን ራሷ አጠፋችው። ከጎኗ ያለው ባለታክሲ «እናት፣ እዚሁ ልታድሪ ነው እንዴ?» አላት።

«ገፊዬን እየጠበቅኩ ነው» አለችና ፍሪሲዮኑን ረግጣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባች፤ ፍሬኑንም ለቀቀች።

መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ሲገባት ቀስ እያለች ዳገቱን መውጣት ጀመረች። ባለታክሲው ከኋላዋ ማንም እንደሌለ አይቶ ሳቁን ዋጠ።

ኳ፣ ኳ።