የሰባት ቅዳሜ ገመና

ውባለም ተጸያፊ ናት። ሰው የቀመሰበትን ማንኪያ አትነካም፣ ጉርሻ አትቀበልም፤ ቸርች ውስጥ አጠገቧ ያለው ሰው ካስነጠሰ ወንበር ትቀይራለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት እንግዲህ በአርባ ስምንት ዓመቷ የጤና ትምህርት ልማር ብላ የተነሳችው።

ሌዊስቪል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ካርቶን ስካን ስታደርግ ጉልበቷ አልቋል። ከትምህርት ገበታ ለራቁ ጎልማሶች የተከፈተው የጤና ሳይንስ መግቢያ ኮርስ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። የመግቢያውን የጽሑፍ ፈተና አልፋለች። የቀራት ነርሲንግ ሆም ገብታ አንድ ቀን ሙሉ አረጋውያንን መንከባከብ ብቻ ነበር።

እዚያ ወደቀች። የአንዲት አሮጊት ዳይፐር ሲከፈት እዚያው ብርድ ልብሱ ላይ አስመለሳት።

«ሰባት ሳምንት እሰጥሻለሁ» አለቻት የኮርሱ ኃላፊ። «ሁለተኛ ካስመለሰሽ ግን ስምሽን እሰርዛለሁ።»

ቤቷ ገብታ እያለቀሰች ለባሏ ለፊልሞን በስልክ ነገረችው። ፊልሞን የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቅዳሜን ጨምሮ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው። አብረዋቸው የሚኖሩት አባቱ አቶ ሞገስ ሶፋው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰሙ። ማኘካቸውን አቆሙ፣ አዩዋት፣ ወደ ክፍላቸው ገቡ። አይዞሽ እንኳ የለም።

አቶ ሞገስ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ድሮ ወልዲያ ጤና ጣቢያ ሠላሳ ዓመት ቁስል አጣቢ ድሬሰር ሆነው ሠርተዋል፤ ሰፈርተኛው «ዶክተር» እያለ ነበር የሚጠራቸው። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ሰፈራቸውን ቪከሪ ሜዶን በእግራቸው ሲዞሩ የሚውሉ፣ ሸሚዛቸውን ራሳቸው የሚተኩሱ ንጹህ ሰው ነበሩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ውባለም ስለ ኩላሊት ስታነብ ጠሯት። አልጋቸው አጠገብ ያለው ብርጭቆ እስከ ግማሹ አክታ ነበር። ወፍራም፣ አረንጓዴ፣ ሲያነሱት የሚዝለገለግ።

«ድፊልኝ።»

«አባባ፣ ሶፍት አለ'ኮ።»

«ድፊልኝ አልኩሽ። በአፍሽ ተንፍሺ።»

ሽንት ቤት ወስዳ ደፋችው፤ ቁርሷንም አብራ ጨመረችበት።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንሶላው በሽንት ራሰ። በሦስተኛው ትውከት መጣ፤ ያውም የሽሮ፣ ደረታቸውን ይዞ ወርዶ እምብርታቸው ውስጥ የተጠራቀመ። በአራተኛው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ዋናው መጣ። ውባለም አፍንጫዋን በሻሽ አስራ እያለቀሰች ጠረገች። ሽማግሌው ተንጋለው ትእዛዝ ያወርዳሉ።

«ከፊት ወደ ኋላ ጥረጊ። ጓንቱን ገልብጠሽ አውልቂ እንጂ! ፊትሽን ደግሞ አታጨማድጂ፣ አይሻለሁ።»

ሐኪም ቤት እንሂድ ስትላቸው «የዕድሜ ነው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ውባለም እጇን አምስት ጊዜ ታጠበች፤ እራት ግን አልወረደላትም። መብላት ቀርቶ የገዛ ጣቷን ማየት አስጠላት።

አምስተኛውም ቅዳሜ እንደዚያው ሲያልፍ ለቸርች ጓደኛዋ ለሐዳሳ አወራቻት።

«ሶ ቅዳሜ ብቻ ነው? ማለቴ፣ ልጃቸው ሲኖርስ?»

«ልጃቸው ሲኖር፣ ፓስተር ሲመጣ፣ እንደ ሙሽራ ንጹህ ናቸው።»

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ አሉ። አንቺዬ፣ ይሄ በሽታ አይመስለኝም። ካሜራ አድርጊ።»

ውባለም ትንሽ ካሜራ ገዝታ ቁም ሳጥኑ ላይ ደበቀች። በስድስተኛው ቅዳሜ «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣችና መኪናዋ ውስጥ ሆና ስልኳን ከፈተች። አቶ ሞገስ ብድግ አሉ። መስኮት ከፈቱ፣ ወገባቸውን ያዝ አድርገው ክፍሉን ተመላለሱ፣ እንደ ወታደር ቁጢጥ ብድግ ሠሩ። ስልኳን እያየች ደረጃውን ወጣች። ኮቴዋን ሲሰሙ ሮጠው አልጋ ውስጥ ገቡ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ፣ ከዚያ ፊታቸው እስኪቀላ አማጡ።

ውባለም ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሽታው ይታጠባል፤ ይሄ ግን በምን ይታጠባል? ለካ በዚህ ዕድሜዋ መማሯ አንገብግቧቸዋል። ለካ የዶክተርነቱን ስም እንዳትቀማቸው ኖሯል። የሰው ክፋት ከዓይነ ምድር ይብሳል አለች በሆዷ። ገብታ ጠረገቻቸው፤ ንዴቷ ሻሿን እንኳ አስረሳት።

ቪዲዮውን ለፊልሞን ላከችለት። «አባትህ ሆን ብለው ነው የሚያራክሱኝ። ወይ እሳቸው ወይ እኔ።»

ፊልሞን አይቶ በኀፍረት ተቃጠለ። ደውሎ ቢጠይቃቸው አቶ ሞገስ አልካዱም። ፎርት ዎርዝ ከተማ፣ ታናሽ ወንድሙ ጋ እንደሚወስዳቸው ሲነግራቸውም አልተከራከሩም። «ቅዳሜ ይለፍና ይሁን» አሉ።

«አየህ» አለች ውባለም፣ «ሰባተኛውን ሳይጨርሱማ እንዴት ብለው!»

ሰባተኛው ቅዳሜ ግን የፈተናዋ ቀን ነበር። ነርሲንግ ሆሙ ውስጥ አንድ ወፍራም ሽማግሌ ከወገባቸው እስከ ማጅራታቸው ተበላሽተው ጠበቋት። አብራት ለፈተና የገባችው ወጣት አፏን ይዛ ወጣች። ውባለም ቀረች። ጨረሰች፣ አንሶላ ቀየረች፣ የሽማግሌውን ፀጉር ሳይቀር አበጠረች። ኃላፊዋ ወረቀቱ ላይ ፈረመችላት፤ ኮርሱ ውስጥ ገባች።

ቤት ስትደርስ ፊልሞን የመኪና ቁልፍ ይዞ በር ላይ ቆሟል። አቶ ሞገስ የተተኮሰ ሸሚዛቸውን ለብሰው ሻንጣቸው አጠገብ ተቀምጠዋል። ውባለም ሰላምታ ሳትሰጣቸው ልታልፍ ነበር።

«አስመለሰሽ?» አሏት።

«አላስመለሰኝም» አለች ሳታያቸው። «አልፌያለሁ።»

«ተመስገን፤ እንግዲህ እኔም እንደ ሰው ሽንት ቤት ልሂዳ» አሉና ሻንጣቸውን አነሱ።