የሁለት ሰው ደብተር

ትናንት አመሻሽ ላይ ሳይናገር ከውጭ አገር የመጣው ሰውዬ፣ እህቱ አንጓች «ዛሬስ አትውጣ» ብትለውም ማለዳ ማሳቸውን ሊያይ ወጣ። እዚያው እንደቆመ የመሬት ቀያሾች ደረሱ። የውጭ ፓስፖርቱን ካልሲው ውስጥ ወሸቀ። ዜግነቱን መቀየሩ ከታወቀ ከአባቱ የወረሰው ድርሻ ሊነጠቅ ነው። ተከትላው የመጣችው አንጓች ክንዱን ይዛ ወደ ቤት ትጎትተው ነበር።

ከቀያሾቹ ጋር የመጡት የመሬት ኮሚቴው ሽማግሌ አያ ደሴ አሮጌውን የይዞታ ደብተር ገለጡ። የወንድምና የእህት ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎበታል። ፎቶውን አዩ፤ እሱን አዩ።

«ዜግነቴን አልቀየርኩም!» አለ ሰውዬው ማንም ሳይጠይቀው።

አያ ደሴ አማትበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«በስመአብ! አንጓች በጥቅምት ተዝካርህን አብልታን የለም እንዴ?»