የጎታው ድምፅ

ጎታዋን በጣቷ አንጓ ስታንኳኳት እስከ ግማሿ ድረስ ድፍን ድምፅ ሰጠቻት። ገብሱ አለ ማለት ነው። ታዲያ ከሥር ያለውን ውታፍ ስትነቅል ለምን አንዲት ፍሬ አልወረደም? ሰኔ ገብቷል፤ አዲሱ እህል እስኪደርስ ገና አምስት ወር ነበር።

«ምጣዱ እኮ ጋለ፤ የዛሬዋን ቆሎ አምጪ እንጂ» አሉ አማቷ ከምድጃው ዳር። «ጥርስ ባይኖረኝ ማሽተት አልተከለከልኩም።»

«መጣሁ እማማ፤ ቀዳዳው ተደፍኖ ነው» አለችና እጇን ሰደደች። የነካችው ጨርቅ ነበር። በርጩማ ላይ ቆመች፤ ባሏ በታኅሣሥ፣ ሳይታመም በፊት፣ በእበት የመረገውን ክዳን ሰበረችና እስከ ትከሻዋ ወደ ውስጥ ጎንበስ ብላ አንድ ከባድ ቋጠሮ እንደምንም ጎትታ አወጣች። የባሏ ጋቢ ነበር። ሮቤ ገበያ ተሰረቅሁ ያላት፣ «እናትህ የፈተሉልህን!» እያለች ሳምንት ሙሉ የነዘነዘችው፣ በመጥፋቱም ባሏ የተቀበረ ዕለት በሰው ጋቢ የተገነዘበት። በውስጡ አንድ በአንድ የተለቀመ የዘር ገብስ ነበር። ጎታዋን ድፍን ያስመሰላት ይኸው ነው፤ ሌላ የቀረ የለም። ሦስት ጊዜ ደራርቦ የቋጠረው ከማን እጅ ሊያድነው እንደነበረ ገባት፤ ከእሷው።

«ምነው ዘገየሽ? ስንት ቀረን?»

ቋጠሮውን አምጥታ እግራቸው ሥር አስቀመጠችው። «የሚዘራ አለን፤ የሚበላ የለንም» አለች።

አሮጊቷ የጋቢውን ጠርዝ በጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ። ከዚያ ምጣዱን ከእሳቱ ላይ አወረዱት።